ካውያ እና ቤል ካንቶ

ጋኤታኖ ዶኒዜቲ «የሬጅመንቱ ልጅ» የተባለውን ኦፔራ ፓሪስ ላይ ለመድረክ ያበቃው እ.ኤ.አ. በ1840 ነው። ታሪኩ ቀላል ነው። ወታደሮች አንሥተው ያሳደጓት ማሪ፣ ቶኒዮ የሚባል የቲሮል ጎረምሳ ትወዳለች፤ እሱም እሷን ለማግባት ሲል ይዘምታል። ጥበቡ ያለው ታሪኩ ላይ ሳይሆን ቤል ካንቶ በሚባለው አዘፋፈኑ ላይ ነው።

በ2007 ለንደን ኮቨንት ጋርደን የተቀረጸውን ትርኢት ደጋግሜ የማየውም ለዚሁ ነው። አዘጋጁ ሎራን ፔሊ ዘመኑን ወደ አንደኛው የዓለም ጦርነት አምጥቶታል፤ ተራሮቹ የተሠሩት ከአሮጌ ካርታ ነው። ማሪ ሆና የምትጫወተው ፈረንሳዊቷ ናታሊ ዴሴ ናት፤ ከዘፈን በፊት ትወና ተምራለች። ያስታውቃል። የወታደሮቹን ልብስ ትተኩሳለች፣ ድንች ትልጣለች፤ ድምጿ ግን ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ እንደ ፏፏቴ ይንቆረቆራል። ብዙ ዘፋኝ እንዲህ ያለ ዜማ ሲደርስበት ቀጥ ብሎ ቆሞ ትንፋሹን ያዘጋጃል። እሷ ዘንድ የካውያው ምት የዜማው ምት ነው፤ ስትናደድ ድምጿም ክንዷም አብረው ይናደዳሉ።

ቶኒዮን የሚጫወተው የፔሩው ቴነር ህዋን ዲዬጎ ፍሎሬዝ ነው። ተመልካች ሁሉ የሚጠብቀው በቶኒዮ ዘፈን ውስጥ ያሉትን ዘጠኝ የላይኛ «ዶ» ድምፆች ነው፤ ስምንቱ ኖታው ላይ የተጻፉ ሲሆኑ ዘጠነኛውን ያመጣው የዘፋኞች ልማድ ነው። ጣሊያናዊውን ቴነር ፓቫሮቲን በ1972 ኒው ዮርክ ላይ ያስጨበጨቡለትም እነዚሁ ናቸው። ፍሎሬዝ አይጮህም፤ አንገቱ አይገተርም። እኔን የሚደንቀኝ ከፍታው ሳይሆን በመካከሉ ያለው ነው፦ ከአንዱ «ዶ» ወደ ሌላው ሲሻገር የዘፈኑ የዋልስ ምት አንዴም አይጓተትም።

ለእኔ ግን ትልቁ ሥራ ሁለተኛው ክፍል ላይ ያለው የዘፈን ትምህርት ነው። ማሪ ባላባት እንድትሆን ተወስዳለች፤ የወሰደቻት ማርኪዝ፣ ፌሊሲቲ ፓልመር፣ ፒያኖ ይዛ ያረጀ የፍቅር ዜማ ታስጠናታለች። የሬጅመንቱ ሃምሳ አለቃ፣ አሌሳንድሮ ኮርቤሊ፣ በጎን የሬጅመንቱን ዘፈን ያስታውሳታል። ዴሴ ዜማውን ማበላሸት አለባት፤ አበላሹ ራሱ የተለካ ነው። ልጅቷ ስትሰለች ድምጿ ይደርቃል፤ የሬጅመንቱ ዜማ ሲመጣ እንደገና ይሞላል። ሆን ብሎ በልክ መሳሳት ትክክል ከመዝፈን ይከብዳል።

እንከን የለውም አልልም። ዴሴ እረፍት የላትም፤ አንዳንዴ ዓይን ታደክማለች። ዱቼስ ሆና ለምትጫወተው ተዋናይት የተጨመረው ንግግርም ረዘመብኝ። ሆኖም ማሪ ወታደሮቿን ስትሰናበት፣ ኮር አንግሌ የተባለው የትንፋሽ መሣሪያ ከሥር እያንጎራጎረ፣ ያቺ የማታርፍ ሴት ድምጿን ወደ ቀጭን ክር ታወርደዋለች፤ ኮሜዲ መሆኑን ያስረሳል። ቪዲዮውን ያገኘ ሰው ዘጠኙን «ዶ» ለመቁጠር አይቸኩል፤ ከዘፈን ትምህርቱ ይጀምር።