ሱሉልታን በሐምሌ

ባለፈው ጥር ለሥራ ቬኒስ ሄጄ ነበር። “በዚያ ብርድ ምን ልትሠራ?” ያላለኝ ወዳጅ የለም። እውነታቸውን ነው፤ ብርዱ አጥንት ይገባል፤ ጭጋጉ ማዶ ያለውን ቤት አያሳይም። ግን አልጋው ረክሶ፣ ጎዳናው ለባለቤቶቹ ተመልሶ አገኘሁት። ከተማዋ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ግርግር በሚበዛባቸው የጸደይና የበጋ ቀናት ውሎ የሚመለሰውን ጎብኚ መግቢያ ታስከፍላለች። በጥር ግን የሚጠይቅህ የለም።

የገረመኝ ሌላ ነው። እነሱ አገር ባሕሩ ሞልቶ አደባባይ የሚገባው በዚሁ በብርዱ ወራት ነው። በኅዳር 2012 ዓ.ም. 187 ሴንቲሜትር ተለክቷል። ታዲያ ከተማው ውሃው ሲመጣ የሚዘረጋ መራመጃ አለው፤ ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ባሕሩን የሚመልስ የብረት መዝጊያ አለው። ቬኒስ ክፉ ወቅቷን አትደብቅም፤ ለክታ ይዛዋለች።

እኛስ? እኔ የምኖረው ከእንጦጦ ጀርባ፣ ሱሉልታ ነው። ውጭ አገር ያሉ ዘመዶቻችን ልጆቻቸውን ይዘው የሚመጡት ትምህርት ሲዘጋ፣ በሐምሌና በነሐሴ ነው። እኛም እንግዳውን በይቅርታ እንቀበላለን፤ “ምነው ለመስቀል ብትመጡ! አሁን ጭቃ ነው።” ባይፈረድብን ነው፤ ለስንት ዓመት “የ13 ወር ፀጋ” እያልን ለፈረንጁ ፀሐይ ብቻ ስንሸጥለት ኖርን። ክረምቱን የትኛው ወር ውስጥ እንደደበቅነው እንጃ! መፈክሩ በ2008 ዓ.ም. “ምድረ ቀደምት” በሚል ተተካ፤ እፍረቱ ግን አልተተካም።

እፍረት ብቻ ቢሆን ባልከፋ። ዋጋ ያስከፍላል እንጂ። ሱሉልታ ላይ ቦታ የሚታየው በበጋ ነው። ደላላው መሬቱን በእግሩ መታ መታ እያደረገ “ሜዳ ነው፤ እንደ ጠረጴዛ!” ይላል። አይዋሽም፤ የካቲት ላይ ጠረጴዛ ነው። ሐምሌ ላይ ያው ጠረጴዛ ውሃ ያቁራል። ይህን ገበሬው ከጥንት ያውቃል። ሜዳውን ለግጦሽና ለሣር ትቶ፣ ጎጆውን ዳገቱ ላይ የቀለሰው፣ ክረምቱ ሲወጣም ድርቆሹን አጭዶ የሚሸጠው ሞኝ ሆኖ አይደለም። እኛ የተማርነው ሜዳው ላይ መጋዘንና ቪላ ደረደርን። እያንዳንዱ ግቢውን በአፈር ከፍ ባደረገ ቁጥር ውሃው ወደ ጎረቤት ይሄዳል። ጎረቤትም በተራው ይደለድላል። መጨረሻ ላይ ውሃው የሚያርፈው መደልደያ የሌለው ድሃ ቤት ነው።

እናም ምክሬ አጭር ናት። ቤት የምትገዙ፣ ፕላን የምታወጡ፣ ፈቃድ የምትፈርሙ፣ ቦታውን በሐምሌ፣ በቦት ጫማ ኑና እዩት። አገር የሚታወቀው እንደ ሰው ነው፤ በሠርጉ ቀን ሳይሆን በክፉ ቀኑ።

“አንተስ?” ትሉኝ ይሆናል። እኔማ የገዛሁት በየካቲት ነው። በር ሥር የምደረድረው የአሸዋ ጆንያ ይመስክር።