የቴሌኮሙኒኬሽን መሣሪያዎች የታክስ ነጻነት ለማን ይጠቅማል?

የቴሌኮሙኒኬሽን መሣሪያ ከሽያጭ ታክስ ነጻ ይሁን የሚለው አሳብ ሲነሣ፥ ዘወትር የሚቀርበው ምክንያት ዕቃው ከረከሰ አገልግሎቱ ለሕዝብ ይስፋፋል የሚል ነው። አሳቡ ቅን ነው፤ ነገር ግን ታክሱን በመጨረሻ የሚሸከመው ማን እንደ ሆነ ሳይመረመር ሊቀበሉት የሚገባ አይመስለንም።

ጥያቄው በአሜሪካ ግዛቶች በቂ ምክንያት አለው። በዚያ የሚሠራበት የችርቻሮ ሽያጭ ታክስ ስለ ሆነ፥ ድርጅቱ ለመሣሪያ የከፈለውን ታክስ ከሚሰበስበው ላይ አይቀንስም፤ በአገልግሎቱ ዋጋ ላይ ይጨምረዋል እንጂ። ሕግ ነጻ ካላደረገው በስተቀር ታክስ በታክስ ላይ ይደራረባል። በአገራችን ግን የሽያጭ ታክስ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በተጨማሪ እሴት ታክስ ተተክቷል። በአዋጅ ቁጥር 285/1994 የተወሰነው 15 በመቶ፥ ይህንኑ በተካው በአዋጅ ቁጥር 1341/2016ም ጸንቷል።

ነገሩን በምሳሌ እንመልከት። አንድ የቴሌኮም ድርጅት በቦሌ ሕንጻዎች ጣሪያ ላይ የሚተክለውን መሣሪያ፥ ነጻነት ሳይሰጠው፥ በ1 ሚሊዮን ብር ቢገዛ 150,000 ብር ታክስ ይከፍላል። ይኸው ገንዘብ ከደንበኞቹ ከሚሰበስበው ታክስ ላይ ይቀነስለታል። ጉዳቱ ገንዘቡ እስኪመለስ መቆየቱ ነው። እርግጥ በ2013 ዓ.ም. ለፈቃድ ብቻ 850 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር እንደ ከፈለው በሳፋሪኮም እንደሚመራው ማኅበር ላለ አዲስ ገቢ፥ ብዙ ሳይሸጥ ብዙ መግዛት ግድ ስለሚሆንበት፥ መቆየቱ ቀላል አይደለም። መድኃኒቱ ግን ተመላሹን ማፋጠን ነው።

በአንጻሩ ከመገናኛ ሱቆች ታክሱ ሳይጨመር 10,000 ብር የሚያወጣ ስልክ የሚገዛ የቀን ሠራተኛ፥ የሚጨምረውን 1,500 ብር ከማንም ላይ አይቀንስም። ሸክሙ በእርሱ ያበቃል። የነጻነቱ ክርክር ሊያስብለት የሚገባው ለዚህ ሰው ነበር።

እንግዲያው ስልኩን ነጻ እናድርገው ቢባል፥ እዚህም እንቅፋት አለ። ነጻ የተደረገ ዕቃ የሚሸጥ ድርጅት ለግብዓቱ የከፈለው ታክስ አይቀነስለትም። በጎሮው የአይሲቲ ፓርክ ስልክ የሚገጣጥም ድርጅት ብናስብ፥ ለኪራይና ለማሸጊያ የከፈለው ታክስ ሳይታይ በስልኩ ዋጋ ውስጥ ይገባል። ያለቀለት ስልክ ከውጭ የሚያስመጣው ነጋዴ ግን ከዚህ ሸክም አብዛኛው አይነካውም። እንዲህ ሲሆን ለድኻው የታሰበው ሕግ የአገሩን ሠራተኛ ይጎዳል ማለት ነው። ዜሮ ምጣኔ ከዚህ የተለየ ነው፤ ገዢው ታክስ አይከፍልም፥ ሻጩም ለግብዓቱ የከፈለው ይመለስለታል።

በበኩላችን፥ ዜሮ ምጣኔው ዋጋቸው ዝቅተኛ ለሆኑ ስልኮች ብቻ ቢወሰን የተሻለ ነው እንላለን። መንግሥት የሚያጣው ገቢ መኖሩ አይካድም፤ ነጋዴውም ቅናሹን ለራሱ እንዳያስቀር ቁጥጥር ያስፈልጋል። ይሁን እንጂ ገቢው የሚታጣ ከሆነ፥ የሚቀንስለት ለሌለው ሰው ሲባል ይታጣ።