ባለ 35 መኝታ ቤቱ ወንደላጤ

በተክሊል ያገባ ሰው ለግማሽ ቀን ንጉሥ መሆን ምን እንደሚመስል ያውቃል። ካባ ይደረብለታል፤ አክሊል ይደፋለታል፤ ትናንት ሚኒባስ ውስጥ ተጋፍቶ የገባው ሰውዬ ዛሬ ይዘመርለታል፣ ይሸበሸብለታል። እሷም እንደዚያው ንግሥት ናት። ከዚያ ይመሻል። አክሊሉ ወደ ዕቃ ቤት፣ ካባው ወደ አከራዩ ይመለሳል። በማግስቱ የሚጠብቃቸው የቤት ኪራይ፣ የአስቤዛ ሂሳብ፣ ቀስ እያለም የልጅ ሽንት ጨርቅ ነው። ያቺ ግማሽ ቀን ግን ከልብ አትወጣም።

ባልና ሚስት ለበዓል ወይም ለጋብቻቸው መታሰቢያ ብድግ ብለው ወደ ጥንት ታላላቅ ቤቶች የሚሄዱት ያቺኑ ግማሽ ቀን ፍለጋ ይመስለኛል። እንግሊዞች ቻትስወርዝን የመሰሉ የመሳፍንት ግቢዎች አሏቸው። ፈረንሳዮች የሏር ወንዝን ተከትለው የቆሙ ግንቦች፣ ህንዶች ሆቴል የሆኑ የማሃራጃ ቤተ መንግሥቶች አሏቸው። አሜሪካኖች ንጉሥ ስላልነበራቸው በባቡር ሐዲድ ባለጸጋ ቤት ይጽናናሉ። ነገሩን ሽርሽር እንዳንለው ሽርሽር በእኛ ዘንድ ልጅ፣ ፌስታልና ምሳ ዕቃ ያለበት ነው። ይሄ ሌላ ነው። ሁለት ሰዎች “እስቲ ብቻችንን እንሁን” ብለው ከቤታቸው ይወጡና ሕዝብ የሚተራመስበት ቤት ይገባሉ። ብቻውን መሆን ለፈለገ ሰው ይሄ ሁሉ ሰው ምን ያደርግለታል? ጥያቄው የቀልድ ይመስላል እንጂ የቀልድ አይደለም።

በሰሜን ካሮላይና፣ አሽቪል ከተማ አጠገብ ያለውን ቢልትሞርን እንውሰድ። ያሠራው ጆርጅ ዋሽንግተን ቫንደርቢልት ነው። አያቱ በመርከብና በባቡር የከበሩ ሰው ነበሩ። የልጅ ልጅ ደግሞ ሀብት እንዲያወጣ እንጂ እንዲያመጣ አይጠበቅበትም፤ እሱም አላሳፈራቸውም። ግንባታው እ.ኤ.አ. በ1889 ተጀምሮ በ1895 በገና ዋዜማ ቤቱ ለእንግዶች ተከፈተ። 250 ክፍሎች፣ 35 መኝታ ቤቶች፣ 43 መታጠቢያ ቤቶች፣ 65 የእሳት ምድጃዎች አሉት። ሕንፃውን የነደፈው ሪቻርድ ሞሪስ ሀንት ነው፤ ግቢውን ያስዋበው የኒውዮርኩን ሴንትራል ፓርክ ከነደፉት ሁለት ሰዎች አንዱ፣ ፍሬደሪክ ሎው ኦልምስቴድ። ለግንባታው ሲባል የጡብ ፋብሪካ ተቋቋመ፤ ዕቃ የሚያመላልስ የባቡር መስመር እስከ ቦታው ድረስ ተዘረጋ።

አሁን ልብ በሉልኝ። ይህ ሁሉ ሲሆን ሰውየው አላገባም፤ ወንደላጤ ነው! እኛ አገር ወንደላጤ ማለት አንድ ክፍል፣ አንድ ፍራሽና አንድ የቡታጋዝ ምድጃ ነው። ጆርጅ ሚስት ያገባው ቤቱ ከተከፈተ ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1898 ነው። አንዲት ልጅ ወለዱ። በ1914 ከትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና በኋላ በ51 ዓመቱ ሞተ፤ እንግዲህ በቤቱ ሃያ ዓመት እንኳ ሳይኖርበት ነው። ባለቤቱ ኢዲት ከርስቱ ሰፊውን ደን ለመንግሥት ሸጠች፤ የዛሬው የፒስጋ ብሔራዊ ደን እምብርት እሱ ነው። ልጃቸው ኮርኔሊያ በ1924 ተዳረች፤ ከዐሥር ዓመት በኋላ ፈታች፤ አገሩንም ቤቱንም ጥላ ሄደች። የቤተሰቡ ንብረት እንደሆነ የቆየው ቤት በ1930፣ ያ ክፉ የኢኮኖሚ ድቀት አሽቪልን ባደቀቀ ጊዜ፣ የከተማዋ ሰዎች ጎብኚ ይስብልን ብለው ስለጠየቁ በቲኬት ተከፈተ። ባልና ሚስት ፍቅራቸውን ሊያድሱ የሚሄዱበት ቤት የራሱ የፍቅር ታሪክ በአጭሩ ይኸው ነው።

እኔና ባለቤቴ ዘመድ ልንጠይቅ አሜሪካ በከረምንበት አንድ የገና ሰሞን፣ የቀድሞ ተማሪዬ የነበረ ልጅና ሚስቱ ወደዚሁ ቤት ይዘውን ሄዱ። ለጋብቻቸው ዐሥረኛ ዓመት ያሰቡት ጉዞ ነበር። “ብቻችንን እንሁን” በአበሻ ሲተረጎም አራት ሰው ነው። እሱ ከባድ መኪና ይነዳል። እሷ ሆቴል ውስጥ የክፍል ጽዳት ኃላፊ ናት፤ መጥረጊያ ጨብጣ ጀምራ ነው እዚያ የደረሰችው። በገና ሰሞን የአንድ ሰው መግቢያ ከ100 ዶላር ያልፋል፤ ቆጥበው ነው የመጡት።

ላይኛው ፎቅ ላይ ሰዉን አየሁት። የግብር አዳራሹ ጣሪያ 21 ሜትር ገደማ ይርቃል፤ ከሥሩ የገና ዛፍ ቆሟል። ሰው ሁሉ ቅዳሴ ላይ እንዳለ ድምፁን ዝቅ አድርጓል። ወንዶቹ ሳያውቁት እጃቸውን ወደ ኋላ ያጣምራሉ፤ አረማመዳቸው ራሱ የባለርስት ይሆናል። ሴቶቹ ፀጉራቸውን ያስተካክላሉ። ደረጃው ሥር ሁለት ሁለት እየሆኑ ፎቶ ይነሣሉ፤ በፎቶው ውስጥ ሁሉም ጌታና እመቤት ነው። ትሪ ይዤ የቆምኩ አስመስላችሁ አንሡኝ የሚል አንድም ሰው የለም። ከመቶ ዓመት በፊት ቢሆን ኖሮ ግን፣ ከዚያ ሁሉ ጎብኚ ዘጠና በመቶው በየትኛው በር ይገባ እንደነበር መገመት አያቅትም። እኔማ የምገባበትን በር በደንብ አውቀዋለሁ።

ምድር ቤት ስንወርድ ነገሩ ተገለበጠ። እዚያ ወጥ ቤቶቹ፣ የልብስ ማጠቢያው፣ እየተንሸራተቱ የሚወጡ የልብስ ማድረቂያ መደርደሪያዎች፣ የሠራተኞቹ መመገቢያና መኝታ ክፍሎች አሉ። ላይ ሲያንሾካሹክ የነበረው ሰው እዚህ አፉን ፈታ። አንዲት ፈረንጅ አሮጊት ለማያውቁት ሰው “አያቴ በእንዲህ ያለ ገንዳ ነበር የምታጥበው” እያሉ ያወሩ ነበር። ሰው በእንግድነት የመጣበት ቤት ያንሾካሹካል፤ የሚያውቀውን ሥራ ሲያይ ድምፁ ይመለሳል። ልጅቷ ማጠቢያው ክፍል ስትደርስ ቆመች። ባሏ “እንሂድ እንጂ” አላት። አልተንቀሳቀሰችም።

“ጋሼ” አለችኝ፣ “አንድ ሰው በፈረቃው ዐሥራ አምስት ክፍል ያጸዳል እንበል። ያ ግን በእኛ ዘመን ነው፤ ማሽን ይዘን፣ ሙቅ ውኃ በቧንቧ እየመጣልን። እዚህ 65 ምድጃ አለ። ጠዋት ጠዋት አመዱን ማን ያወጣዋል? አንሶላውን ማን ይተኩሰዋል? ሰው ከመነሣቱ በፊት እሳቱ መንደድ አለበት፤ ስለዚህ የምታነደው ልጅ ስንት ሰዓት ትነሣለች?”

“እንዴ! ለዕረፍት መጥተን ሥራ ትቆጥሪያለሽ?” አለ ባሏ።

“ሥራውንማ እንዴት እቆጥረዋለሁ፤ ሰዉን ነው የምቆጥረው” አለች።

ሥነ ጽሑፍ ባስተማርኩባቸው ዓመታት ተማሪዎቼን አንድን ድርሰት ስታነቡ ማን እንደሚናገር ብቻ ሳይሆን ማን ዝም እንዳለም ጠይቁ እል ነበር። ብዙዎቹ ለፈተና ጻፉት፤ ከፈተና በኋላ ረሱት። ይቺ ልጅ ቤቱን እንደ መጽሐፍ ገልጣ፣ ዝም ያሉትን በስም ባይሆን በቁጥር ጠራቻቸው። ሒስ ማለት ከዚህ የተለየ ነገር አይመስለኝም።

ቤቱን ያነበቡት ሌሎችም አሉ፤ እነሱስ ሞያቸው ነው። ሄንሪ ጄምስ በ1905 ክረምት እዚያ በእንግድነት ቆይቶ ነበር። በረዶው፣ የእግር ሕመሙ፣ የክፍሎቹ ስፋትና ቅዝቃዜ አንገሸገሹት፤ ለወዳጆቹ በጻፋቸው ደብዳቤዎችም አማረረ። በዚያው ዓመት ለገና ደግሞ ኢዲት ዋርተን መጣች፤ እሷ በቆይታዋ ተደሰተች። የሚገርመኝ ግን በዚያው በ1905 የወጣው ልብ ወለዷ፣ “ዘ ሃውስ ኦፍ ሚርዝ”፣ ስለ ምን እንደሆነ ሳስብ ነው። ሊሊ ባርት የምትባል ቆንጆ፣ ገንዘብ የሌላት ሴት በሀብታሞች ቤት እየዞረች በእንግድነት ትኖራለች። አልጋው ምቹ ነው፤ ራቱ የሚያስጎመጅ ነው። ሒሳብ ግን አለው። ካርታ ካጫወቷት ትጫወታለች፣ ደብዳቤ ጻፊልን ካሏት ትጽፋለች፣ የሰው ገመና ተሸከሚልን ሲሏትም ትሸከማለች። መክፈል ሲያቅታት በሩ ይዘጋባታል። መጨረሻዋ የባርኔጣ መስፊያ ቤት ውስጥ እጇ የማይታዘዝላት ሠራተኛ መሆንና ብቻዋን በተከራየችው ክፍል መሞት ነው። እንግዲህ ዋርተን የላይኛው ፎቅና የምድር ቤቱ ርቀት አንድ ደረጃ ብቻ እንደሆነ ጽፋ ስታበቃ ነው ዛፉ ሥር የተቀመጠችው። ምቾቱን አልናቀችም፤ ዋጋውንም አልረሳችም። ለጎብኚ ከዚህ የተሻለ አርአያ አላውቅም።

ዋጋ ካነሣን ዘንድ፣ መሬቱም ታሪክ አለው። የቫንደርቢልት ወኪል ከገዛቸው መሬቶች መካከል ሻይሎ የሚባለው የጥቁር አሜሪካውያን መንደር የነበረበት ይገኛል። ሰዎቹ ዋጋ ተከፍሏቸዋል፤ ግን ተነሡ፤ ቤተ ክርስቲያናቸውም አብሮ ተነሣ። ጆርጅን ወደዚያ ተራራማ አገር ያደረሰው የባቡር ሐዲድ ደግሞ በ1870ዎቹ በእስረኞች ጉልበት የተሠራ ነው። አብዛኞቹ ጥቁሮች ነበሩ፤ ከመቶ በላይ የሚሆኑት በሥራው ላይ እንደሞቱ ይገመታል። በሌላ በኩል ይኸው ጆርጅ በ1890ዎቹ መጀመሪያ ለአሽቪል ጥቁሮች የመሰብሰቢያና የመማሪያ ሕንፃ በብድር አሠርቶላቸዋል፤ ሕንፃው በኋላ የራሳቸው ሆኗል። ሁለቱም እውነት ነው። አንዱን ለማመስገኛ፣ ሌላውን ለመርገሚያ ብቻ የሚመዝ ሰው ገጹን ገነጣጥሎ ያነበበ ሰው ነው።

እኛስ? የእኛ ነገር ከዚህ ይብሳል። እኛ ትልቅ ቤት ስናይ ሁለት ነገር ብቻ ነው የምናውቀው፦ መስገድ ወይም ማፍረስ። “ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ” ያልን ሰዎች በ1967 ዓ.ም. ትርፍ ቤት ሲወረስ የመኳንንቱን ግቢ ቀበሌ፣ ክሊኒክ፣ መጋዘን አደረግነው። የተቀረጸው በር ለማገዶ የሄደበት ጊዜ አለ። አሁን ደግሞ ሙሽሮቻችን ጎንደር ፋሲል ግንብ ሥር ቬሎ ለብሰው ፎቶ ይነሣሉ። ደስ ይላል፤ ይነሡ። ግን ያን ድንጋይ ማን ጠረበው? ኖራውን ማን አቦካው? ውኃውን ከየት ቀድቶ ማን ተሸከመው? ብሎ የሚጠይቅ ሙሽራ እስካሁን አልገጠመኝም። ሚዜዎቹም ቢሆኑ ያዩት ብርሃኑ ሳይሄድ እንጨርስ የሚለውን የፎቶ አንሺውን ፊት ነው።

አንድ የሚያጽናና ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2019 አንድነት ፓርክ በምኒልክ ቤተ መንግሥት ግቢ ሲከፈት፣ ከዙፋን አዳራሹ ሥር ያለው፣ ደርግ የንጉሡን ሹማምንት ያሰረበት ምድር ቤትም አብሮ ለዓይን ቀረበ። ላይ ሲሾሙ የነበሩት ሰዎች ታች ታሰሩ። በአንድ ጣሪያ ሥር ሁለቱንም ወለል የሚያይ ጎብኚ ስለ ሥልጣን ብዙ መጽሐፍ የሚነግረውን በአንድ ደረጃ ይወርደዋል። ታች የወረደ ግን ባለሥልጣኑን ብቻ ፈልጎ መመለስ የለበትም። የእልፍኝ አስከልካዩ፣ የወጥ ቤቷ፣ የጠጅ ጣይዋ፣ እንጨት ሰባሪው ታሪክም እዚያው ግቢ ውስጥ ነው ያለው፤ ገና አልተጻፈም እንጂ።

ወደ ተነሣንበት ጥያቄ እንመለስ። ባልና ሚስት ብቻቸውን ለመሆን ለምን ሰው ወደሞላበት ትልቅ ቤት ይሄዳሉ? እንደሚመስለኝ የሚፈልጉት ብቸኝነቱን ሳይሆን አለመሥራቱን ነው። ለሁለት ቀን አልጋው በሌላ ሰው ይነጠፋል፤ ሰሃኑ በሌላ ሰው ይታጠባል። ፍቅር ታደሰ የሚሉት ብዙውን ጊዜ ይሄንን ነው። ይህ ነውር አይደለም፤ የደከመው ያርፋል። ግን አንድ ነገር ይጠቁማል። በቤታቸው ፍቅሩን ያደከመው ሥራው ከሆነ፣ ሥራው እንዴት ተከፋፍሎ እንደነበር መጠየቅ አለበት። ሁለቱ እኩል ደክመው ነው የመጡት? ወይስ አንዱ ላይኛው ፎቅ ሲኖር፣ ሌላዋ ዓመቱን ሙሉ ምድር ቤት ነበረች? የሦስት ክፍል ኮንዶሚኒየምም እኮ ምድር ቤት አለው። ሳሎን ውስጥ እግሩን ዘርግቶ ዜና የሚያይ ጌታ፣ ጓዳ ውስጥ ሽንኩርት የምትከትፍ ሴት፣ ከእሷም ሥር ደግሞ ደመወዟ በወር የሚቆረጥላት፣ ስሟ በትክክል የማይጠራ የገጠር ልጅ አለች። ቫንደርቢልት 250 ክፍል አስፈልጎት ያደረገውን እኛ በሦስት ክፍል አሳክተነዋል።

ስለዚህ ምክር ከተባለ ምክሬ አትሂዱ አይደለም። ሂዱ። ገንዘቡ ካላችሁ ቢልትሞር፣ ከሌላችሁ ጎንደር፣ እሱም ካልሆነ የሰፈራችሁን የጥንት ግቢ ዙሩ። ፎቶውንም ተነሡ። ጉብኝቱን ግን ከምድር ቤቱ ጀምሩትና ወደ ላይ ውጡ እንጂ፣ ከላይ ጀምራችሁ ሲደክማችሁ ታቹን አትዝለሉት። ምድጃውን ስታዩ ማን ያነድደው እንደነበር ተጠያየቁ። ቤታችሁ ስትገቡ ደግሞ ሻንጣው ከመፈታቱ በፊት አንድ ጥያቄ ይቀራል፤ እሱን ባልየው ቢያነሣው ያምርበታል፦ የዚህ ሁሉ ልብስ አጣቢ ማን ነው?