ስለ ጓሮ ጎመን

በመስከረም ጎመንን ማባረር ልማድ ነው። «የጎመን ምንቸት ውጣ፣ የገንፎ ምንቸት ግባ» ተብሎ ክረምቱን ያሻገረው ቅጠል ከቤት ይሸኛል። እኔ ግን ለጎመን እቆማለሁ። ወደ አባይ በሚያዘቀዝቀው የመካነ ሰላም ደጋ፣ ጎተራው በሚጎድልበት በሐምሌና በነሐሴ ድስቱን የምትሞላው ከቤቱ ጀርባ ያለችው ጠባብ መደብ ናት።

መደቧ የተገዛ ማዳበሪያ አትጠብቅም፤ የምድጃ አመድ፣ የበረት ፍግና የቤት ጥራጊ የሚደፋው እዚያው ነው። የጓሮ አፈር ከማሳው ይልቅ ጠቁሮና ለስልሶ የሚገኘውም ለዚህ ነው። እመቤቲቱ ጎመኑን አትነቅለውም። የታችኛውን ቅጠል እየቀነጠሰች ቀንበጡን ትተወዋለች፣ እሱም እንደገና ይለመልማል። ጥቂቱን እግር ደግሞ ሳትነካ ታስቀረዋለች፤ ቢጫ አበባ አውጥቶ ያፈራል። ዘሩ ለከርሞ ብቻ አይደለም፤ ተወቅጦ ምጣድ ይታሰስበታል፣ እንጀራው እንዳይጣበቅ። ይህ የሐበሻ ጎመን ከሌላ አገር የመጣ እንዳይመስላችሁ፤ የኢትዮጵያ ደጋ የራሱ ተክል ነው።

ጎረቤቶቹም ደህና ናቸው፦ ለጠላው ጌሾ፣ አጥር ላይ የሚንጠላጠል ዱባ፣ ነጭ ሽንኩርት። ጤና አዳምን ግን ለብቻው ላንሳው፤ የወሎ ቡና ያለሱ ለእኔ ጎደሎ ነው። በመስከረም ግድግዳው በጭቃና በእበት ተለቅልቆ ሲያልቅ፣ እመቤቲቱ እጇን ታጥባ መጀመሪያ የምትቀጥፈው እሱን ነው፤ ጀበናው ተጥዷል፣ ጎረቤትም ተጠርቷል።