በምርጫው ለተጸጸተ የሕግ ተማሪ

ለተግባር ልምምድ ወደ ቢሮዬ የሚመጡ የአምስተኛ ዓመት የሕግ ተማሪዎች ጥቂት ከሰነበቱና ከተግባባን በኋላ የሚያነሡት ቁጭት ይመሳሰላል። አንዱ «ቅጹን ስሞላ ለቤተሰቦቼ የሚቀርበውን አስቀደምኩ» ይላል። ሌላዋ «ያኔ ስለ ዩኒቨርሲቲው እንጂ ስለ ሕግ ትምህርት ቤቱ የጠየቅሁት ሰው አልነበረም» ትላለች። ሦስተኛው ነገሩን ያጠቃልለዋል፦ «አዲስ አበባ ተምሬ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ሌላ ሰው ነበርኩ።»

እኔም የተመረቅሁት በጊዜው ገና ከተከፈተ የክልል ሕግ ትምህርት ቤት ስለሆነ ስሜቱን አውቀዋለሁ። ከዚያ ወዲህ በጥብቅና ሥራ ኖሬ የያዝኩት አቋም ግን ይህ ነው፦ ሙያው የሚቆምባቸው ሦስት ነገሮች አሉ፤ ፍሬ ነገርን አጣርቶ መያዝ፣ ጊዜን መቁጠር፣ በፍርድ ቤቱ ቋንቋ ጥርት አድርጎ መጻፍ። እነዚህን በበቂ ሁኔታ የሚያስተምር ሕግ ትምህርት ቤት፣ ነባርም ሆነ አዲስ፣ አላየሁም። ተማሪው ባለበት ከተማ ሆኖ፣ ከመመረቁ በፊት፣ ሦስቱንም ሊጀምራቸው ይችላል።

ከሁሉ በፊት እውነቱን እንቀበል። በትምህርት ቤቶች መካከል ልዩነት አለ። በ1956 ዓ.ም. በያኔው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የተከፈተው የሕግ ፋኩልቲ፣ የዛሬው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤት፣ የአገሪቱን ዳኞች፣ ዐቃብያነ ሕግና ጠበቆች ለረጅም ዘመን ሲያፈራ የኖረ ቤት ነው። የኢትዮጵያ የሕግ መጽሔት የተጀመረው እዚያ ነው። ሮበርት አለን ሴድለር ስለ ፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት፣ ስታንሊ ፊሸር ስለ ወንጀል ሥነ ሥርዓት ያዘጋጇቸውና እስከ ዛሬ ጠበቃ ጠረጴዛ ላይ የማይጠፉት መጻሕፍት የወጡት ከዚያው ነው። በአንጻሩ አዲስ በተከፈተ ትምህርት ቤት አምና የተመረቀ ወጣት ዘንድሮ መምህር ሆኖ ይገባል። አንድ ቅጂ መጽሐፍ መላው ክፍል ይሻማበታል። ስልክ ደውሎ «የኛ ቤት ልጅ ነው፤ እባክህ አየት አድርገው» የሚል ቀደምት ተመራቂም የለም። ይህ ሁሉ ጉድለት ነው፤ ተማሪው ቢቆጭበት አይፈረድበትም።

ራሱን መክሰሱ ግን ፍርደ ገምድልነት ነው። ወደ መንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሚገባውን ተማሪ በአብዛኛው የሚመድበው ትምህርት ሚኒስቴር ነው። ተማሪው የሚፈልጋቸውን ዩኒቨርሲቲዎች በቅደም ተከተል ይሞላል፤ ቀሪውን ውጤቱና ያለው ቦታ ይወስኑታል። ሕግ ማጥናቱ የሚለየውም ዩኒቨርሲቲ ከገባ በኋላ ነው። በዚያ ዕድሜው የትኛው ሕግ ትምህርት ቤት ጥሩ ምስለ ችሎት እንዳለው፣ የትኛው የሕግ ድጋፍ ማዕከሉን በሚገባ እንደሚያሠራ ሊያውቅ የሚችልበት መንገድ አልነበረም። ዛሬ ባገኘው ዕውቀት የያኔውን ልጅ ጥፋተኛ ማለት ተገቢ አይደለም።

ጉድለቱም ቢሆን እንደ ቀድሞው አይደለም። የሴድለርና የፊሸር መጻሕፍት ዛሬ በየተማሪው ስልክ ውስጥ አሉ። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት ውሳኔዎች ከ20 በላይ በሆኑ ቅጾች ታትመው ማንም ያገኛቸዋል። የመውጫ ፈተናው ለሁሉም ሕግ ትምህርት ቤቶች አንድ ነው፤ በሕግ የተጀመረውም በ2015 ዓ.ም. ለሌሎች የትምህርት ዘርፎች ከመዳረሱ ከዓመታት በፊት ነው። ስለ ፌዴራል ጥብቅና አገልግሎት ፈቃድ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1249/2013ም አመልካቹን የሚያበላልጠው በተማረበት ዩኒቨርሲቲ ስም አይደለም። አንዳንድ ቀጣሪ ዛሬም የትምህርት ቤቱን ስም አይቶ ማመልከቻ ወደ ጎን እንደሚያደርግ አውቃለሁ። ከችሎት ፊት ከቆሙ በኋላ ግን ዳኛው የት ተማርክ ብሎ የሚጠይቅበት አጋጣሚ የለም።

ዳኛው የሚያየው የቀረበለትን ወረቀት ነው። ትልቁ ክፍተት ያለውም እዚህ ላይ ነው፤ ይህ ክፍተት የሁሉም ትምህርት ቤቶች ነው። የሕግ ተማሪ አምስት ዓመት የሚማረው፣ የሚፈተነውና የመመረቂያ ጽሑፉን የሚያዘጋጀው በእንግሊዝኛ ነው። ሥራ ሲጀምር የሚቆመው ግን በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በትግርኛ ወይም በሌላ የክልል ቋንቋ በሚያስችል ፍርድ ቤት ነው። ስለ ውል አመሠራረት ሃያ ገጽ በእንግሊዝኛ የጻፈ ተመራቂ አንድ ገጽ የክስ ማመልከቻ ጻፍ ሲባል እጁ የሚተሳሰረው ለዚህ ነው። ከነባሩ ትምህርት ቤት የመጣውም ከአዲሱ የመጣውም በዚህ እኩል ሲቸገሩ አይቻለሁ።

አንድ ጉዳይ ልጥቀስ። ነጻ የሕግ ድጋፍ በሚሰጥ ማዕከል አንድ የጥበቃ ሠራተኛ ግንቦት 12 ቀን መጡ። ከመጋዘን ዕቃ ጠፋ ተብሎ፣ ጥፋቱ የእርስዎ ነው ተብለው፣ ያለ ማስጠንቀቂያ ተሰናብተዋል። ጉዳዩን የያዘው የአራተኛ ዓመት ተማሪ ሦስት ገጽ ጽፎ አሳየኝ። ታታሪነታቸው፣ የልጆቻቸው ብዛት፣ የሥራ አስኪያጁ ክፋት፣ የኑሮው ውድነት ሁሉም ሰፍሯል። የስንብቱ ቀን የለም።

«አባባ፣ ደብዳቤው የተሰጠዎት መቼ ነው?» አልኳቸው።

«የካቲት 20 ነው ልጄ።»

በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 163 መሠረት ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ጥያቄ በሦስት ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። ያለን የአንድ ሳምንት ጊዜ ብቻ ነበር። ተማሪው የያዙትን ወረቀት ሁሉ እንዲያወጡ ጠየቃቸው። ከፌስታል ውስጥ አንድ በአንድ እየዘረጋ ሲያይ የአጣሪ ኮሚቴ ሪፖርት ቅጂ አገኘ። ቀኑ ታኅሣሥ 4 ነው፤ ለሥራ አስኪያጁ መድረሱን የሚያሳይ ማኅተምም አለበት። የዚሁ አዋጅ አንቀጽ 27 አሠሪው ለስንብት ምክንያት የሚሆነውን ነገር ባወቀ በ30 የሥራ ቀናት ውስጥ ካላሰናበተ ያለ ማስጠንቀቂያ የማሰናበት መብቱ ይቋረጣል ይላል። ከታኅሣሥ 4 እስከ የካቲት 20 ያለው ጊዜ፣ እሑዶቹና በዓላቱ ቢቀነሱም፣ ከዚያ እጅግ ያልፋል።

ተማሪው ማመልከቻውን እንደገና ጻፈው። ከሳሽ፣ ተከሳሽ፣ ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን ለማየት ሥልጣን ያለው መሆኑ። ከዚያ በተራ ቁጥር፦ ከሳሽ የተቀጠሩበት ቀንና ደመወዛቸው፣ ተከሳሽ ጥፋት ተፈጸመ ያለበት ቀን፣ ሪፖርቱ ለተከሳሽ የደረሰበት ቀን፣ የስንብት ደብዳቤው ቀን። ቀጥሎ የዳኝነት ጥያቄው፦ ስንብቱ ሕገ ወጥ ነው እንዲባልልኝ፣ ወደ ሥራ እንድመለስ፣ ውዝፍ ደመወዝ እንዲከፈለኝ። በመጨረሻም የማስረጃ ዝርዝርና «ያቀረብኩት ክስ በእውነት የቀረበ መሆኑን በፍ/ሥ/ሥ/ሕግ ቁጥር 92 መሠረት አረጋግጣለሁ» የሚለው ቃል። ሦስቱ ገጽ ወደ አንድ ገጽ ተኩል ወረደ። የልጆቹ ብዛት ወጣ፤ አራቱ ቀኖች ገቡ። ክሱም ጊዜው ሳያልፍበት መዝገብ ቤት ደረሰ።

ያ ተማሪ የሚማርበት ትምህርት ቤት ስም የገነነ አይደለም። በዚያ ዕለት ከሰዓት በኋላ ያገኘውን ትምህርት ግን ብዙ ጠበቃ ፈቃድ አውጥቶ፣ ደንበኛ ጎድቶ ነው የሚያገኘው። የሰው በደል ሲነገር ተዘበራርቆ ይመጣል። ጠበቃው የሚመዘነው ከዚያ ውስጥ ሕጉ የሚፈልገውን ፍሬ ነገር በማውጣቱ ነው። ችሎታው የሚገኘውም በደል ካለበት ሰው ጋር ቁጭ ብሎ ወረቀቱን አንድ በአንድ በማገላበጥ ነው።

የክልል ሕግ ትምህርት ቤት ተማሪ ከዚህ በኩል የታደለ ነው ብዬ አምናለሁ። የወረዳው ፍርድ ቤትና የዞኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ብዙ ጊዜ በእግር የሚደረስባቸው ናቸው። የቀለብ፣ የውርስ ክፍፍል፣ የብድር፣ የወንጀል ጉዳይ በአንድ ጠዋት ተከታትሎ ይሰማል። የገጠር መሬት ይዞታ ክርክር ከመዲናዋ ይልቅ እዚያ በሰፊው ይታያል። የመዝገብ ቤት ሠራተኞቹ ፊት ይለያሉ፤ ምን ዓይነት ማመልከቻ ተመላሽ እንደሚሆን ከማንም በላይ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። በአክብሮት ለጠየቃቸው ተማሪ ደግሞ አይነፍጉም።

ችሎት ለሚከታተል ተማሪ የምመክረው ቀላል ሥራ አለ። ዳኛው ጭብጥ ከመያዙ በፊት ግራ ቀኙ ሲናገሩ የራሱን ጭብጥ በደብተሩ ይጻፍ። ዳኛው ጭብጡን ሲያነብ ያወዳድር። ልዩነት ካለ ምክንያቱን ይፈልግ፤ ያልሰማው ፍሬ ነገር ይኖራል ወይም ያላስተዋለው የሕግ ቁጥር። ጭብጥ መለየት የቻለ ሰው ክርክሩን ግማሽ መንገድ ሄዶታል።

የሰበር ውሳኔም እንዲሁ በእስክሪብቶ ይነበብ። ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ፣ አዋጅ ቁጥር 454 ከወጣ ጀምሮ፣ ሰበር ሰሚ ችሎቱ ከአምስት ባላነሱ ዳኞች የሚሰጠው የሕግ ትርጉም በየደረጃው ያሉ ፍርድ ቤቶችን ያስገድዳል። ብዙ ተማሪ ግን የመጨረሻዋን አንቀጽ አንብቦ መጽሐፉን ይዘጋል። መጀመር ያለበት ከሥር ፍርድ ቤቱ ነው፦ ክሱ ምን ነበር፣ መልሱ ምን አለ፣ የትኛው ፍርድ ቤት በምን ምክንያት ሻረው ወይም አጸናው። ለምሳሌ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሑፍና በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት እንዲሆን ይጠይቃል። ሰበር በመዝገብ ቁጥር 21448 ድንጋጌውን አጥብቆ ተረጎመው። ሻጩ ውሉን መፈጸሙን ካመነስ የሚለው ጥያቄ ደግሞ በኋለኞቹ መዝገቦች ተነሣ። እነዚህን ውሳኔዎች ጎን ለጎን አስቀምጦ ያነበበ ተማሪ የሕግ አተረጓጎምን ከየትኛውም የክፍል ማስታወሻ በላይ ይረዳል። በዚያውም ለችሎት የሚበቃ አማርኛ ይለምዳል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ለይቼ ልናገር። አንዳንዱ ተማሪ ትምህርት ቤቱን እየወቀሰ የሚጸጸተው በሕግ ትምህርቱ በራሱ ነው። ክርክር ያስጨንቀዋል፤ የሰው ጠብ ቤቱ ድረስ ይከተለዋል። ይህ ሌላ ጉዳይ ነው፤ የትምህርት ቤት ለውጥም አይፈታውም። እንዲህ ያለው ሰው ለራሱ እውነቱን ይንገር። ሕግ የተማረ ሰው ውል ያረቅቃል፣ የሕግ ረቂቅ ያዘጋጃል፣ ያስተምራል፣ ጋዜጠኛ ይሆናል፣ በባንክና በኢንሹራንስ የሕግ ክፍል ይሠራል። ከነጭራሹ ወደ ሌላ ሙያ ቢሄድም አያሳፍርም። የሚጎዳው ልቡ ሳይኖርበት የሰው መዝገብ ይዞ መቆየት ነው፤ ኪሳራው ደንበኛው ላይ ይወድቃልና።

ልባቸው ሙያው ውስጥ ላለ ተማሪዎች ግን የምለው ይህ ነው። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይባላል፤ ከምረቃ በኋላ በጥድፊያ የሚለመድ ሥራ በችሎት ፊት ይፈታል። አሁን ጊዜ አላችሁ። የሕግ ድጋፍ ማዕከሉ ውስጥ ተመዝገቡ፤ ከሌለ መምህሮቻችሁን ወትውታችሁ አስጀምሩ። በየሳምንቱ አንድ የሰበር ውሳኔ ፍሬ ነገሩን፣ ጭብጡን፣ ውሳኔውንና ምክንያቱን ለይታችሁ በክልላችሁ የፍርድ ቤት ቋንቋ አሳጥራችሁ ጻፉ። የጻፋችሁትን ማመልከቻ ለአንድ ልምድ ላለው ጠበቃ አሳዩ፤ በቀይ ቢሞላባችሁ አመስግኑት። ሥራ ስታመለክቱ ከትምህርት ማስረጃችሁ ጋር እነዚያን ጽሑፎች አያይዙ፤ የትምህርት ቤቱ ስም ያልከፈተውን በር ሲከፍቱ አይቻለሁ።

ፍርድ ቤት የሚመጣ ባለጉዳይ ጠበቃውን የሚፈልገው መብቱ እንዳይጠፋበት ነው። ለዚያ ሰው ብቁ ሆናችሁ ለመገኘት ከዛሬ የተሻለ ቀን፣ ካላችሁበት ከተማ የተሻለ ቦታ አትጠብቁ። ነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ደብተራችሁን ይዛችሁ በከተማችሁ ፍርድ ቤት ችሎት ግቡ።