ማስረጃ የሌለው ችሎት

ማፊያ የሚባለውን ጨዋታ የፈጠረው ዲሚትሪ ዳቪዶፍ ነው፤ በ1986 እ.ኤ.አ. ገደማ፣ በሞስኮ ዩኒቨርሲቲ። ሰሌዳ አይፈልግ፣ ጠጠር አይፈልግ፤ ክብ ሠርተው የሚቀመጡ ዐሥር ያህል ሰዎች፣ ለእያንዳንዱ በድብቅ ማፊያ ወይም ንጹሕ የሚል ሚና የሚሰጡ ካርዶችና አንድ ምሽት ይበቁታል።

«ከተማው ተኝቷል» ይላል አጫዋቹ። ሁሉም ዓይኑን ይጨፍናል። ከዚያ ማፊያዎቹ ብቻ ገልጠው ይተያዩና በጣት ጠቁመው አንድ ሰው «ይገድላሉ»። ሲነጋ የሟቹ ስም ይነገራል፤ የቀሩት ተከራክረው በድምፅ ብልጫ አንዱን ያስወጣሉ። ጥፋተኞቹ ጥቂት ናቸው፣ ግን እርስ በርስ ይተዋወቃሉ። ንጹሐኑ ብዙ ናቸው፣ ግን ማን ማን እንደሆነ አያውቁም። የጨዋታው ብልሃት ሁሉ እዚህች ላይ ነው።

እኔ ከሁሉ የምወደው የመጀመሪያውን ንጋት ነው። በእጅ ላይ አንዳች መረጃ የለም፤ ፍርድ ግን መሰጠት አለበት። ዝም ያለው «ምን ደብቆ ነው?» ይባላል፤ ብዙ ያወራው ደግሞ «ምን አስለፈለፈው?»።

አንድ ምሽት የልብ ጓደኛዬ እጄን ይዛ፣ ዓይን ዓይኔን እያየች «ሙች፣ እኔ አይደለሁም» አለችኝ። አመንኳት። ድምፄን የሰጠሁት አጠገቧ በተቀመጠው ዝምተኛ ልጅ ላይ ነበር፤ ራሱን ሲከላከል ድምፁ ይንቀጠቀጥ ነበርና። በድምፅ ብልጫ ወጣና ካርዱን ገለበጠው። ንጹሕ ነበር። ለካ የተንቀጠቀጠው ሰው ፊት መናገር ስለሚያስፈራው ብቻ ኖሯል።

በሚቀጥለው ጨዋታ ሲነጋ፣ ማንም ሳይናገር በፊት «አንተ ምን ትላለህ?» ብዬ የጠየቅሁት እሱን ነው።