በሬው የጠፋበት ስንኝ

የጎጃሞቹን ሞጣንና ቀራንዮን የሚያነሣ አንድ የታወቀ ሁለት ስንኝ አለ። ላይ ላዩን ሲሰሙት የመንገደኛ ግርምት ነው፤ ይህን ሁሉ አገር አቋርጬ ስመጣ አንድ በሬ እንኳ አላየሁም፣ ማሳው ለምን ጦም አደረ? የሚል ነው። ገበሬ ሆኖ የሰማው «የከብት በሽታ ገብቶ ይሆን?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። «በሬ ሳላይ» የሚለውን አንዲት ፊደል ገፋ አድርጎ ለሚቆርጠው ግን በሬው ከስንኙ ይጠፋል፤ «በሬሳ ላይ» ሆኖ ይገኛል። መንገደኛው የመጣው ሬሳ እየተረማመደ ነው። ማሳው ጦም ያደረው በሬ ታጥቶ አይደለም፣ አራሹ አልቆ ነው።

አምስት ፊደል ነው። አንድም አልተጨመረ፣ አንድም አልተቀነሰ። ይህን ስንኝ የእንቆቅልሽ ሙያ መማሪያ አድርጎ ለሚያየው ሰው ትልቁ ትምህርት እዚህ ላይ ነው፤ የሠራው ሰው ምንም አልደበቀም። መልሱ ከመጀመሪያው ጀምሮ በአደባባይ ተቀምጧል። ሥራው ሁሉ ያለው ከፊቱ ባለው ቃል ላይ ነው፤ «አይታረስ» የሚል መንፈስ ያለው ነገር ቀድሞ ስለተነሣ ጆሮ ራሱ በሬ ይጠብቃል፣ የጠበቀውንም ይሰማል። ሰሚው የተሳሳተው በገዛ እጁ ነው።

ብዙ ጀማሪ እንቆቅልሽ ሠሪዎች ይህን ገልብጠው ይይዙታል። እንቆቅልሽ መደበቅ ይመስላቸዋል። ስለዚህ ነገሩን ያደበዝዙታል፣ ግማሹን ይተዉታል፣ ጠያቂው ብቻ የሚያውቀውን ነገር ይሸሽጉበታል። ውጤቱ ማንም የማይፈታው፣ ሲፈታም ማንንም የማያስደስት ነገር ይሆናል። ጥሩ እንቆቅልሽ የተፈታለት ሰው «እንዴት አላየሁትም!» ይላል፤ በመጥፎው የተሸነፈ ሰው ግን «ይሄማ ማጭበርበር ነው» ብሎ ይነሣል፤ እውነቱንም ነው።

ጎጃም ይህን ልዩነት የሚያስተምር ትምህርት ቤት ለዘመናት ኖሮታል። ጎንጅና ዋሸራ በቅኔ ስማቸው የገነነ ነው፤ ከቢቸና ብዙም የማይርቀው ዲማ ጊዮርጊስም የሊቃውንት ደብር ነው። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን የጻፉት ሐዲስ ዓለማየሁ ከተማሩባቸው ቦታዎች አንዱ ዲማ ነበር፤ የልብ ወለዳቸውም ትልቅ ክፍል የሚካሄደው እዚያው ነው። በቅኔ ቤት ጀማሪው ተማሪ በሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ይጀምርና ወደ ስምንት ቤቱ መወድስ ይወጣል። ቀኑን ብቻውን ዛፍ ሥር ተቀምጦ ሲቆጥር ይውላል፤ ማታ የኔታ ፊት ቀርቦ ይናገራል፣ ይታረማል።

የሰምና ወርቅ ስያሜ የመጣው ከወርቅ አንጥረኛ ነው። አንጥረኛው ቅርጹን በሰም ይሠራል፣ በጭቃ ይለብጠዋል፣ ሰሙን አቅልጦ ያስወጣና በባዶው ቦታ የቀለጠ ወርቅ ያፈስሳል። ሰዎች ይህን ሲያወሩ ብዙ ጊዜ የሚያደንቁት ወርቁን ነው። ሙያው ያለው ግን ሰሙ ላይ ነው። ሰሙ ከተጣመመ ወርቁ ተጣሞ ይወጣል። በቅኔም በእንቆቅልሽም ሕጉ አንድ ነው፤ ላይኛው ትርጉም ለብቻው ሙሉ ሆኖ መቆም አለበት። ሰዋስዉ የተስተካከለ፣ ነገሩ ሊሆን የሚችል፣ ሌላ ትርጉም ባይኖረው እንኳ ሰው የሚናገረው ዓይነት መሆን አለበት። የሞጣው ስንኝ የበሬው ትርጉም ብቻ ቢኖረው ደህና የመንገደኛ ንግግር ነበር። ለዚህ ነው ወጥመዱ የሚይዘው።

ይህ እንዴት እንደሚሠራ በቀላል ነገር መሞከር ይቻላል። የግዕዝ ፊደል ጠበቅንና ላላን አይጽፍም፤ ስለዚህ በወረቀት ላይ ላለ ሰው የተዘጋጀ ጥሬ ዕቃ ሞልቷል። «ሰፊ» ሲጠብቅ የጠባብ ተቃራኒ ነው፣ ሲላላ ልብስ የሚሰፋው ሰውዬ ነው። እንግዲህ ጀማሪው «ሰፊ ሆኖ ጠባብ ቤት የሚኖር ማን ነው?» ብሎ ይጽፋል። ወርቁ ደህና ነው። ሰሙ ግን ያነክሳል፤ ሰው ወፍራም ይባላል እንጂ ሰፊ አይባልም፣ ስለዚህ አንባቢው ቃሉ ላይ ሲደርስ «እዚህ ጋ ነገር አለ» ብሎ ይነቃል። መጣል ያለበት ረቂቅ ነው።

«ገና» ይሻላል። ሲላላ ያልደረሰ ነገር፣ ሲጠብቅ የልደት በዓል። የመጀመሪያው ረቂቅ «ገና የሚባል በዓል ማን ነው?» ቢሆን መልሱን ራሱ ተናገረ። «በዓል» የሚለው ቃል መውጣት አለበት። ሁለተኛው «ሲመጣ ገና የሚባል ምንድን ነው?» ቢል አጭር ነው፣ ግን አንባቢው የሚጨብጠው ነገር የለውም። ሦስተኛው እንዲህ ይሆናል፦ «በየዓመቱ ሳይቀር ይመጣል፤ ደርሶ እንኳ ‹ገና ነው› ይባላል። ማን ነው?» አሁን ሰሙ ቆመ። ሰነፍ ባለ ቀጠሮ፣ የማያልቅ ሥራ፣ የማይረካ እንግዳ ሁሉ ሊሆን ይችላል፤ አንባቢው በእነዚህ መካከል ሲዞር ይቆያል። «ሳይቀር» የገባችውም ለዚህ ነው፤ «ደርሶ እንኳ» የሚለው ቅሬታ እንዲመስል መንገድ ትጠርጋለች።

ይህ ግን የወረቀት እንቆቅልሽ ነው፤ በአፍ ከተጠየቀ ምላስ ያሳብቃል። የሞጣው ስንኝ የሚበልጠው በዚህ ነው፤ በጆሮም ይሠራል።

በአፍ የሚኖረው የልጆቹ እንቆቅልሽ የራሱ ሥርዓት አለው። አንዱ «እንቆቅልህ» ሲል ሌላው «ምን አውቅልህ» ይላል፤ መልሱ ከጠፋ ጠያቂው «አገር ስጠኝ» ይላል። ተጠያቂው አንድ አገር ሰጥቶ ይገላገላል፣ ጠያቂውም በተሰጠው አገር ገብቶ የተሸነፈውን እያብጠለጠለ ይመካል፣ ከዚያ መልሱን ይናገራል። ሰውን አልብሳ ራቁቷን የምትቀር? መርፌ። አባቱ ሳይወለድ ልጁ ጣሪያ የሚወጣ? ጭስ። አገር የመስጠቱ ሥርዓት ተራ ጨዋታ ብቻ አይደለም። ተሸናፊው መልሱን የመስማት መብት አለው፤ ጠያቂውም የሚያሳፍር መልስ ይዞ በሁሉ ፊት አገር መውሰድ አይችልም። ፍርዱን የሚሰጡት ዙሪያውን የተቀመጡት ልጆች ናቸው።

ከቃል ጨዋታ ሌላ በአሳብ ብቻ የሚቆም እንቆቅልሽም አለ። ለእሱ ከሞጣ በስተሰሜን ያለው ዐባይ የተሻለ መድረክ ነው። ሁለት ሰዎች ዐባይ ዳር ደረሱ። አንድ ሰው ብቻ የምትጭን አንዲት ታንኳ አለች። ረዳት የለም፣ ገመድ የለም፣ ሁለቱም ተሻገሩ። እንዴት? አንዱ የመጣው ከሞጣ፣ ሌላው ከጎንደር ነው። «ዐባይ ዳር ደረሱ» ተባለ እንጂ በአንድ ዳር ደረሱ ያለ የለም። እዚህም ማንም አልዋሸም።

የሞጣ ሰው ሁለት ዳር እንዳለ ለማሰብ ብዙ አይቸገርም። በፋሲለደስ ዘመን ዐባይ ላይ እንደተሠራ የሚነገርለት ሰባራ ድልድይ በጣሊያን ወረራ ጊዜ መሐሉ ተሰብሮ ለአሥርት ዓመታት ሰው የተሻገረው በገመድ ታስሮ፣ በሁለቱም ወገን በቆሙ ወንዶች ጉልበት እየተሳበ ነው። ፎቶውን በናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ያየ አንድ አሜሪካዊ ተነሣሥቶ እ.ኤ.አ. በ2002 አስጠገነው፤ ጥገናውን ከጥቂት ዓመታት በኋላ ጎርፍ ወሰደው፣ በኋላም ተንጠልጣይ ድልድይ ተሠራ።

የነብር፣ የፍየልና የቅጠሉ እንቆቅልሽም የዚሁ ዘመድ ነው። አውሮፓውያን በ8ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ለኖረው ሊቅ ለአልኩዊን በሚሰጡት ስብስብ ውስጥ ተኩላ፣ ፍየልና ጎመን ሆኖ ይገኛል። ሦስቱን አንድ በአንድ ወንዝ ማሻገር ሰባት ጉዞ ይፈጃል፤ የሚከብደው አራተኛው ብቻ ነው። ፍየሏን መልሶ ማምጣት! የተሻገረ ነገር አይመለስም ያለ ማንም የለም፤ ፈቺው ግን ይህን ሕግ ለራሱ አውጥቶ ይታሰርበታል። የማልታው ተወላጅ ሐኪም ኤድዋርድ ደ ቦኖ እ.ኤ.አ. በ1967 ይህን ዓይነት ከጎን ገብቶ የማሰብ ዘዴ ስም ሰጥቶ በመጽሐፍ አስተዋወቀ።

የአሳብ እንቆቅልሽ እንዲህ አገር ያቋርጣል፤ ተኩላው ነብር ሆነ፣ ጎመኑ ቅጠል ሆነ፣ ነገሩ አልተነካም። የቃል እንቆቅልሽ ግን ሲተረጎም ይሞታል፤ ከእንግሊዝኛ ቃል በቃል ተመልሰው በልጆች መጻሕፍት የሚታተሙት የቃል ጨዋታዎች የሚያሳዝኑት ለዚህ ነው። ሕፃኑ መልሱን አንብቦ «ታዲያ ምኑ ነው?» ይላል። የተሻለው መንገድ አገሩ ካለው ቃል መነሣት ነው፤ ቢቸና ደግሞ በዚህ አልደኸየም። በዚያው አገር ከጣሊያን ጋር የተዋጋው በላይ ዘለቀ ለተከታዮቹ ራስ የሚል ማዕረግ ጭምር ሲሰጥ፣ «ለራስህስ?» ተብሎ ቢጠየቅ እናቱ ያወጣችለት ስም እንደሚበቃው ተናገረ ይባላል። ከበላይ በላይ ምን ማዕረግ አለ? ከዚህ ተነሥቶ «ራስ ከታች፣ በላይ ከላይ የነበረው የት ነው?» ብሎ መጠየቅ ይቻላል። ሰሙ ስለ ሰው አካል የሚያወራ ይመስላል፤ ራስ ከላይ እንደሆነ ማን ያጣዋል፣ ከእሱ በላይ ያለውን ፍለጋ ፈቺው ወደ ባርኔጣና ወደ ጥምጥም ይሄዳል። የቢቸና ልጅ ግን የበላይን ስም ከአያቱ አፍ ስለሰማው ቶሎ ከጦር ሠፈሩ ይደርሳል፤ አዲስ አበባ ላደገው ጓደኛው ደግሞ ታሪኩን መንገር ይኖርበታል።